መነጽሩ ውስጥ ያለው ቤት

መነጽሩን ከደሴ እስከ ቆቦ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው ያመጣሁት። ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ዶሮ ታቅፋለች፤ እሷ ዶሮዋን፣ እኔ ካርቶኔን እያባበልን ወልድያን አለፍን። ጎብዬ ልትወርድ ስትል አላስቻላትምና ምን እንደያዝኩ ጠየቀችኝ። መነጽር ነው አልኳት። ካርቶኑን አየችው፣ ከዚያ ዐይኔን አየችው፣ ይህን የሚያህል መነጽር የታዘዘለት ዐይን ምን ቢታመም ነው ብላ ከልቧ አዘነችልኝ። አላህ ያሽርሽ ብላኝ ወረደች። አሚን አልኳት። ሙቀቱ ብዙ ለማስረዳት የሚመች አልነበረም።

ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ያደግኩ፣ ቆቦ ተመድቤ የመጣሁ መሐንዲስ ነኝ። የመንግሥት ቤት ሲሠራ ንድፉን አዘጋጃለሁ፣ ግንባታውን እከታተላለሁ። ንዴቴ ቅርብ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰዉ ጎጃሜዋ ዛሬ እንዴት አደረች ብሎ ሳያጣራ ፋይል ይዞ ወደ ቢሮዬ አይገባም። መነጽሩን ያዋሰን አንድ ፕሮጀክት ነው፤ ለጥቂት ወራት። ዐይን ላይ ሲታሰር ገና ያልተሠራ ቤት እንደተሠራ ሆኖ ይታያል። ቀና ሲሉ ጣሪያው፣ ዞር ሲሉ መስኮቱ አለ፤ ሲራመዱ ደጃፉ እየቀረበ ይመጣል። ወረቀት ላይ ያለ ንድፍ የማያነብ ሰው፣ ቤቱ ሳይሠራ ገብቶ አይቶት፣ ይህ ይሁን ይህ ይቅር እንዲል የታሰበ ነገር ነው።

መጀመሪያ የሞከረው ኃላፊያችን ነበር። በመነጽሩ ውስጥ ደረጃ ሲያይ እግሩን አንሥቶ ሊወጣ ቃጣ፤ ደረጃው የለምና አየር ረገጠ፤ ጠረጴዛዬን ሁለት እጁን ዘርግቶ አቅፎት ቀረ። ሳንስቅ መቆም ከባድ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ መነጽሩን በጣም ያከብረዋል፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎበት ቁልፉን ኪሱ ይዞ ይዞራል።

እንድናሳይበት የተወሰነው ከጎብዬ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ሊሠራ የታሰበውን የእናቶች ማቆያ ነው። ሩቅ ቀበሌ ያሉ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው የሚያርፉበት ቤት። እዚህ አገር ይህ ቤት የምቾት ጉዳይ አይደለም። ወንዞቻችን በበጋ አሸዋ ናቸው፤ ሰውም ግመልም ባጃጅም እንዳሻው ያቋርጣቸዋል። ክረምት ላይ ግን እዚህ ጠብ ሳይል፣ ላስታ ተራራ ላይ የዘነበው ድንገት ደርሶ መንገዱን ይዘጋዋል። ምጥ ደግሞ ጎርፍ እስኪጎድል አይጠብቅም።

ይህን ያስረዳችኝ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ናት። የደሴ ልጅ ናት፤ ሳቂታ፣ ተረበኛ፣ የኔ ንዴት የማያስፈራት ብቸኛ ሰው። ያን ዕለት ግን አልሳቀችም። ባለፈው ክረምት ከወንዙ ማዶ አንዲት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ የያዛት ወጣት በቃሬዛ ተሸክመዋት መጡ። ወንዙ ሞልቶ ነበር። አዋላጇ በወዲህ በኩል ዳር ላይ ቆማ፣ እነሱ በወዲያ በኩል ቆመው፣ ውሃው መሐል ላይ እያጓራ ዋለ። ልጅቷ ስትጮህ ይሰማታል፤ መሻገር አይቻልም። ሕፃኑ እዚያው ዳር ላይ ተወለደ፤ አላለቀሰም። አሁን ያችው ወጣት እንደገና ነፍሰ ጡር ናት፤ የምትወልደውም ክረምት ላይ ነው። አዋላጇ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጎርፉ ሳይመጣ ልጅቷ ወንዙን ተሻግራ እንድትገኝ።

ይህን የሚወስኑት ግን አማትየዋ ናቸው። ሰው ሁሉ እማማ ስለሚላቸው እኔም እንዲሁ ልበላቸው። እማማ ክፉ ሰው አይደሉም። ምራታቸውን እንደ ልጃቸው የሚወዱ፣ ያን ቀን ወንዙ ዳር ራሷን ይዘው የዋሉ እሳቸው ናቸው። ነገር ግን አዋላጇ ልጅቷ ማቆያ ትግባ ብላ ስትለምናቸው አንድ ጥያቄ ጠይቀዋታል፤ ምን አጥፍታ ነው የምትቆየው? ማቆያ ሲባል እሳቸው የሚያውቁት እስረኛ የሚውልበትን፣ በኮሮና ጊዜም ሰው ከሰው ተለይቶ የተዘጋበትን ነው። ለወላድ ሰው ያስፈልጋታል፤ የኔን ምራት ሰው ከሌለበት አላስቀምጣትም ብለው ጨረሱ።

አዋላጇ መነጽሩ ይህን ያሸንፋል ብላ ተስፋ አደረገች። እኔም እንደዚያው። ንድፉን ስሠራ መብራት እየጠፋ፣ ላፕቶፑ ጭኔ ላይ እንደ ምጣድ እየጋለ ሰነበትኩ። በረንዳውን ወደ ዞብል ተራራ አዞርኩት፤ ግቢው ውስጥ የኒም ዛፍ ተከልኩ፤ ግድግዳውን ነጭ ቀባሁ፤ አልጋዎቹን በመስኮት ትይዩ ደረደርኩ። መጀመሪያ ላይ ሰዎችም ጨምሬበት ነበር፤ በረንዳ ላይ የተቀመጡ፣ በር ላይ የቆሙ። ግን ሰው ሲበዛ ላፕቶፑ እየተንቀራፈፈ አስቸገረኝ፤ በመነጽሩ ሲታይም ቤቱ መንገጫገጭ ጀመረ። ስለዚህ ሰዎቹን አጠፋኋቸው። ቤቱ ቀለለ፣ ጸዳ፣ አማረ። በሥራዬ ኮርቼ ተኛሁ።

በገበያ ቀን ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ወንበርና አግዳሚ ደርድረን ሴቶቹን ጠበቅን። ከየቀበሌው መጡ። እማማም ምራታቸውን አስከትለው መጡ፤ እንደ እውነቱ ለመነጽሩ ሳይሆን ለገበያው ነበር የመጡት። ምራትየዋ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ሆዷ ገና መታየት እየጀመረ ነበር። መነጽሩ ገና ካርቶኑ ውስጥ እያለ ጀምራ ዐይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም። ልጅ ታላቁን አይቀድምምና መጀመሪያ እማማ ተቀመጡ። በሻሻቸው ላይ ማሠሪያውን አጠበቅኩላቸው። ቢስሚላህ ብለው ብድግ አሉ።

በመነጽሩ የሚታያቸውን እኔም በላፕቶፑ ላይ አየዋለሁ። በረንዳውን አዩ፤ ዞብልን አዩና ቦታውን ስላወቁት ደስ አላቸው። በዝግታ ተራምደው ደጃፉ ጋ ደረሱ። በሩ ክፍት ነው፤ አልጋዎቹ ከውስጥ ይታያሉ። እዚያ ቆሙ።

«አሰላሙ ዐለይኩም! ቤቶች!» አሉ እማማ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ይግቡ እማማ፣ በሩ ክፍት ነው አልኳቸው። እጃቸውን አወዛውዘው ዝም አሰኙኝና ጆሯቸውን ወደ በሩ አዘነበሉ። ቤቶች፣ ብለው ደገሙ። ይህን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀና በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ነገሮች ሁሉ ያለ ቦታው የሆነውን ተናገርኩ።

«ይግቡ እንጂ እማማ፣ ማንም የለም!»

ሦስተኛ ተጣሩ፤ በዝግታ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ጠበቁ። ከዚያ ዞረው መንገድ ጀመሩ። በመነጽሩ ውስጥ በረንዳውን ወርደው ወደ ዞብል እየሄዱ ነው፤ በእውነት ግን አግዳሚው ላይ ወደተቀመጡት ሴቶች እየሄዱ ነበርና አዋላጇ ሮጣ በትከሻቸው ያዘቻቸው። መነጽሩን ሲያወልቁ ፊታቸው ላይ ንዴት አልነበረም። ቤቱ ቆንጆ ነው አሉኝ፤ እጅሽ ይባረክ። ነገር ግን ሦስት ጊዜ ተጣርቶ መልስ ያጣ ሰው መመለስ እንጂ ዘው ማለት አይገባውም፤ ሃይማኖትም አይፈቅድ፣ ወግም አይደል።

እኔም ሥዕል እኮ ነው፣ ሥዕል ውስጥ ማን ይመልሳል ብዬ ተከራከርኩ።

«ሥዕል ከሆነማ ለምን ግቡ አላችሁን?» አሉ።

ምራትየዋ ተራዋ ነውና መነጽሩን ለመቀበል እጇን ዘርግታ ነበር። እማማ በእጇ ያዟት፤ በይ ገበያው ሳይፈታ እንሂድ አሏት። ልጅቷ እጇን መለሰች። የግቢው በር ጋ ስትደርስ አንዴ ዞር ብላ መነጽሩን አየችው፤ ያ አስተያየቷ እስከ ማታ አብሮኝ ዋለ።

ሴቶቹ ከተበተኑ በኋላ አዋላጇ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ማንም የለም አልሽ እኮ፣ ለእማማ ማንም የለም አልሽ እያለች። ተናደድኩ። ያናደደኝ ደግሞ እናቴም ደብረ ማርቆስ ላይ ሰው ቤት ስትሄድ ቤቶች ሳትል ደፍ ረግጣ አለማወቋ ነው። ባህሉ የኔም ነው። እኔ ግን ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ በኪራይ ክፍል የኖርኩ ነኝ፤ የማውቃቸው በሮች ወይ ይንኳኳሉ፣ ወይ ባለቤቱ ሚስኮል ተደርጎለት ይወጣል። ቤት የምሠራ ሰው ሆኜ ቤት እንዴት እንደሚገባ ረስቼው ነበር። አዋላጇ ስቃ ስትጨርስ እንባዋን ጠረገችና፣ ልጅቷ ግን የምትወልደው ክረምት ላይ ነው አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም።

ሰዎቹን መመለስ ነበረብኝ። ለዚህ ሥራ ተብለው ተዘጋጅተው ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት ሰዎች ደግሞ ሁሉም ፈረንጆች ናቸው። ሱሪ ለብሰው፣ የወረቀት ኩባያ ጨብጠው፣ ወዴት እንደሚቸኩሉ ሳይታወቅ የሚሄዱ። አንዷን በረንዳው ላይ ባስቀምጣት እማማ ምን ሊሉ እንደሚችሉ አሰብኩና አጠፋኋት። በመጨረሻ አንድ የተቀመጠች ሴት ብቻ አስቀርቼ፣ ረጅም ቀሚስ አልብሼ፣ ሻሽ አስሬላት፣ ኩባያዋን ከእጇ ነጠቅኳት። እጇ ግን ኩባያ እንደያዘ ቀረ፤ እሱን ማስተካከል አቃተኝ።

ድምፅም አስፈለገ። ሰው ደጃፉ ጋ ቀርቦ ቤቶች ሲል መነጽሩ ሰምቶ ራሱ ደጆች ብሎ እንዲመልስ ማድረግ ይቻላል። መጀመሪያ እኔ በስልኬ ቀረጽኩት። አዋላጇ ሰምታ፣ ይህ እንግዳ መቀበል ነው ወይስ እንግዳ ማባረር አለችኝ። እሷ ቀረጸችው። የሷ ድምፅ የደሴ ነው፤ ደጆች፣ ይግቡ፣ ይግቡ ስትል ማንም ሰው ጫማውን ማውለቅ ያምረዋል።

ኃላፊያችን መነጽሩን ከቁም ሣጥኑ ሲያወጣልኝ ልጁን መንገድ የሚልክ ይመስል ነበር። ወንዙ ገና አሸዋ ነውና በሞተር ተሻግሬ እማማ ቤት ሄድኩ። ማሽላው ገና አልተዘራም፤ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ዝናብ ይጠብቃል። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ፣ ትንሽም እያፈርኩ፣ ቤቶች አልኩ።

«ደጆች! ግቢ ልጄ፣ ግቢ!»

ድምፄን ሳልጨርስ ነው መልሱ የመጣው። ወተት ሰጡኝ። ስለ መነጽሩ ሳነሣ ቆይ ቅመሽ አሉኝ፤ ስለ ልጅቷ ሳነሣ ገና አልጠጣሽም አሉኝ። እንዲህ እያሉ ጨርሼ እስክጠጣ አሸነፉኝ። ከዚያ በኋላ መነጽሩን ራሳቸው ጠየቁ።

ደጃፉ ጋ ደረሱ፤ ተጣሩ። በመነጽሩ ውስጥ ያለው ድምፅ ላደረገው ሰው ጆሮ ብቻ ነው የሚሰማው፤ እኔ የሰማሁት የእሳቸውን ሳቅ ነው። ይቺማ አዋላጇ ናት አሉ። ገቡ። በየአልጋው ዞሩ፣ መስኮቱን አዩ፣ እዚያች በረንዳ ላይ የተቀመጠችዋ እጇን ምን ነክቷት ነው ብለው ጠየቁኝ። ሲያወልቁት ግን ሳቃቸው ቀርቶ ነበር።

«ድምፁ ጥሩ ነው ልጄ» አሉኝ። «የመጣን ዕለትስ? የሚመልስ ሰው ይኖራል?»

«ይኖራል።»

«ማን?»

«ሌላ ሰው ከጠፋ እኔ።»

ቃሉ ከአፌ የወጣው አስቤበት አልነበረም፤ ከወጣ በኋላ ግን ከበደኝ። እማማ መነጽሩን በገዛ እጃቸው ለምራታቸው አቀበሏት።

ልጅቷ ገብታ ብዙ ቆየች። በላፕቶፑ ላይ ሳይ መስኮቱ አጠገብ ያለችው አልጋ ጋ ቆማለች። ወደ አልጋዋ ጎንበስ፣ ወደ መስኮቱ ቀና ትላለች። በመጨረሻ መነጽሩን ሳታወልቅ፣ እማ የት ነው የሚተኙት ብላ ጠየቀችኝ። ለአስታማሚ የታሰበ አልጋ አልነበረም። እጨምራለሁ አልኳት። ከጎኔ ይሁን አለች። ይሁን አልኳት። ያን ቀን ከእሷ የሰማሁት ይኸው ነው። እማማን ትመጣላችሁ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው ኢንሻአላህ አሉ። ወሎ ውስጥ ኢንሻአላህ አዎም እሺም ተይኝም ይሆናል፤ አነጋገሩን ለይቼ ለማወቅ ዕድሜዬ ገና ነበር። አብሽሪ ብለው ሸኙኝ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ተጀመረ። ግንበኞቹ ሲሚንቶ በጠፋ ቁጥር ለምን በመነጽሩ አትገነቢውም፣ እሱ ላይ እንደሆነ አልቋል እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ቀልዱ እውነት ነበረበት። በመነጽሩ ውስጥ ጣሪያው ላይ ደርሰናል፤ በእውነት ገና መሠረት ላይ ነን። ሰማዩን አያለሁ፣ እነሱን እቆጣለሁ፣ እነሱም እሺ ጎጃሜ ይላሉ። አዋላጇ በየሳምንቱ ስለ ልጅቷ ታወራኝ ነበር፤ ደህና ናት፣ እማማ ግን ወሬ ሲነሣ አሁንም ኢንሻአላህ ይላሉ።

ሐምሌ ሲገባ ቤቱ አለቀ። አለቀ ማለት ግድግዳውም ጣሪያውም ቆመ ማለት ነው፤ አልጋዎቹ ፕላስቲካቸው ሳይቀደድ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። የሚከፈተው ክረምቱ ሲያልፍ፣ እንግዶች ከዞን መጥተው ሪባን ሲቆርጡ ነው። እስከዚያ ማንም እንዳይገባበት ተብሎ ቁልፉ እኔ ዘንድ ተቀመጠ። ይህን ስሰማ ክረምቱ ካለፈ በኋላ የክረምት ቤት መክፈት ምን ማለት ነው ብዬ ኃላፊያችን ላይ ጮኼ ነበር። የበላይ ትእዛዝ ነው አለኝ። እሱም እንደማይስማማ ከፊቱ ታወቀኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ገብቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ መነጽሩን ዐይኔ ላይ አድርጌ እየዞርኩ ነው። መነጽሩ ንድፉን በእውነተኛው ግድግዳ ላይ ደርቦ ያሳያል፤ የተሠራው ከታሰበው ጋር ካልገጠመ ያስታውቃል። የመብራት ሶኬት አንዱ አልጋ በሚቆምበት ላይ መግባቱን አይቼ መሐንዲሳዊ ንዴት ውስጥ ነበርኩ። ውጭ ነፋስ ተነሥቶ ቆርቆሮውን ያንቋቋዋል። ላስታ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። አዋላጇ ምጥ የጠናባትን ወላድ ይዛ በአምቡላንስ ወልድያ ሄዳለች፤ ማቆያው ባለበት በኩል ሰው የለም።

«ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

በሩ አጠገብ ነበርኩና፣ ወዲያው ጆሮዬ ውስጥ የአዋላጇ ድምፅ ደጆች፣ ይግቡ፣ ይግቡ አለ። በረንዳ ላይ ያስቀመጥኳት ሴት ባዶ እጇን እንደጨበጠች ታየችኝ። መነጽሩ ነው ብዬ ዝም አልኩ። እንደገና ቤቶች ተባለ። አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ደጆች፣ ይግቡ ተባለ። ይህ ነገር ዛሬ ምን ሆነ፣ ተበላሸ መሰለኝ ብዬ ሶኬቱን ልለካ ጎንበስ አልኩ። ከዚያ ሦስተኛው መጣ፤ በዝግታ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

ያኔ ደነገጥኩ። እኛ የቀረጽነው መልሱን ብቻ ነው። ቤቶች የሚል ድምፅ መነጽሩ ውስጥ የለም። መልሱን የሰማሁትም እኔ ብቻ ነኝ፤ ደጃፍ ላይ ለቆመው ሰው ቤቱ ዝም ብሏል።

መነጽሩን እንዴት እንዳወለቅኩት አላስታውስም፤ በኋላ ወለል ላይ ነው የተገኘው። ደጆች እያልኩ በሩን በረገድኩት። እማማ ጀርባቸውን ሰጥተው በረንዳውን ወርደዋል፤ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ግቢው በር፣ ወደ ወንዙ መንገድ እየሄዱ ነው። ልጅቷ ግን አልተከተለቻቸውም። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጥቅልሏ እግሯ ሥር ተቀምጦ፣ በረንዳው ሥር ቆማ በሩን ታያለች።

«ደጆች! እማማ፣ ይግቡ! አለሁ፣ አለሁ!»

እማማ ዞሩ። ንፋሱ ሻሻቸውን እየገፋው ትንሽ ቆመው አዩኝ። ከዚያ ተመለሱ። ሲቀርቡ፣ ኧረ አንቺ ልጅ ቃልሽ ጆሮው ከባድ ነው አሉኝ፤ ሳቅም ልቅሶም መጣብኝ። ደፉ ጋ ሲደርሱ ቤቱ አዲስ መሆኑን አዩ፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። ቀኝ እግራቸውን አስቀደሙ።

«ቢስሚላህ። ቤት ለእንቦሳ» አሉ።

«እንቦሳ እሰሩ» አልኩ። ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው አዲስ ቤት ሲገባ ስሰማው ኖሬያለሁ። እንቦሳ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን የዚያች ልጅ ሆድ ደፉን ሲሻገር እንደገባኝ ገብቶኝ አያውቅም።

ልጅቷ ቀጥ ብላ መስኮቱ አጠገብ ወዳለችው ቦታ ሄደች። አልጋዋ ገና አልተዘረጋችም። የኔ እዚህ ጋ ነው አለች። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ጠዋት ላስታ ላይ ደመናውን ስታይ እንሂድ ያለችው እሷ ናት። ሲፈሩ የሚያስቡት ነገር ያስፈልጋል፤ እኔ ወንዙ በታየኝ ቁጥር ይህን መስኮት ነበር የማስበው አለችኝ። ለዚህ ስል መነጽሩን ክፉ አልናገረውም። ስለ ማቆያ ስንት ጊዜ ተነገራት፤ ያየችው ግን በእሱ ነው።

ፕላስቲኩን በጥርሴም በእጄም ቀድጄ ሁለት አልጋ ዘረጋሁ፤ ጎን ለጎን። ከዚያ ለኃላፊያችን ደወልኩለት። ማን አስገባቸው አለኝ። ተጣሩ፣ እኔ መለስኩ አልኩት። ኃላፊያችንም የራያ ልጅ ነው። ከመለስሽማ ምን ይደረጋል፣ ብርድ ልብስ እልካለሁ አለ። በዚያው ምሽት ወንዙ ሞልቶ ወረደ። ድምፁ ከሩቅ ይሰማ ነበር። እማማ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው እያዳመጡ የልጅቷን እግር ሲያሹ አመሹ።

ልጁ የተወለደው ከቀናት በኋላ ረፋድ ላይ ነው። አሸንዳው የሚያፈስ መስሎኝ ለማየት መጥቼ ነበር፤ ምክንያት ነው፣ አሸንዳው ደህና ነበር። እማማ የማዋለጃው ክፍል በር ላይ ግንባራቸውን ሊያስነኩ ምንም አልቀራቸውም፤ መቁጠሪያቸው እጃቸው ውስጥ ቆሟል። አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። ከውስጥ የአዋላጇ ድምፅ ይሰማል፣ የልጅቷ ይሰማል፣ ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። ያ ዝምታ ረዘመብኝ። እማማ ክንዴን ጨበጡኝ። ወንዙ ዳር የነበረው ዝምታ ትዝ እንዳላቸው ከአጨባበጣቸው አወቅኩ፤ ያኔ አልነበርኩም፣ ግን እኔም ትዝ አለኝ።

ከዚያ ሕፃኑ አለቀሰ። ቀጭን፣ የተቆጣ፣ ማንም ያልጠራው ልቅሶ።

እማማ ክንዴን ለቀቁኝ። እንባቸው ሳይጠረግ ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ።

«ሰማሽ?» አሉኝ። «ሰው አለ።»